ሥዕል ውስጥ ከቀለም የሚቀድመው ነገር

የቤተሰብ አልበም ያለው ሰው የድሮዎቹን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አውጥቶ ይመልከት። የአያት ፊት፣ የተደረበው ነጠላ፣ ከጀርባ ያለው ግድግዳ፣ መሬት ላይ የወደቀው ጥላ ሁሉም በግልጽ ይታያል። ማን ከፊት እንደቆመ፣ ማን ከኋላ እንዳለ እንለያለን። ጉንጩ የሞላውን ከከሳው እንለያለን። ጨርቁ ሻካራ ይሁን ለስላሳ እንኳን ይገባናል። ፎቶው ላይ ግን አንድም ቀለም የለም።

አሁን ተቃራኒውን አስቡት። ቀለሞቹ ሁሉ ቦታቸው ላይ አሉ። ግን ሁሉም እኩል ጠቆር ያሉ ናቸው። የቆዳው ቡናማ፣ የግድግዳው አረንጓዴ፣ የሰማዩ ሰማያዊ አንዱ ከሌላው አይነጣም፣ አይጠቁርም። እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ አፍንጫን ከጉንጭ መለየት ራሱ ፈተና ነው። ቀለሙ ሞልቶ ፊቱ ይጠፋል።

ሠዓሊዎች ቫልዩ የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ቀለም ምን ያህል ፈካ ወይም ጠቆር ያለ እንደሆነ ማለት ነው። ሥዕል የሚማር ሰው ከምንም በፊት ይህን መያዝ አለበት ብዬ አምናለሁ። ቫልዩው ከተያዘ ቀለሙ እንደልብ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሥዕሉ አልሆን ሲለው ቀዩን ይቀይራል። ቀጥሎ ሰማያዊ ይጨምራል። እሱም ካልሆነ ወጣ ብሎ ውድ ቀለም ይገዛል። ችግሩ መጀመሪያውኑ ቀለሙ ላይ ስላልነበረ ሥዕሉ እንደዚያው ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ቀለም ውስጥ ያሉ ሦስት ነገሮች

አንድን ቀለም ስናይ ሦስት ነገር በአንዴ እናያለን። አንደኛው ዓይነቱ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ እንላለን። ሁለተኛው ድምቀቱ ነው፤ የበርበሬ ቀይ አለ፣ የሸክላ ቀይ አለ፣ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ሦስተኛው ንጣቱ ወይም ጥቁረቱ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት መንሰል በ1905 ባሳተመው ሥራ ሦስቱን ለያይቶ የሚለካ ሥርዓት አቀረበ። ቫልዩን ከ0 እስከ 10 ደረጃ ሰጠው። 0 ፍጹም ጥቁር ነው፣ 10 ፍጹም ነጭ። ሥርዓቱ ከሠዓሊዎችም አልፎ ሄዷል። የአፈር ባለሙያዎች ዛሬም ሜዳ ላይ የአፈርን ቀለም የሚመዘግቡት በመንሰል ሠንጠረዥ ነው።

ችግሩ ሦስቱ አብረው መምጣታቸው ነው። የቀለሙ ዓይነት ቀድሞ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ጥቁረቱን ሳናስተውለው እናልፋለን።

ሰንደቅ ዓላማችንን ውሰዱ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከዚህ በላይ የሚለያዩ ቀለሞች ያሉ አይመስልም። ፎቶውን በስልካችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቢጫው ፈክቶ ይወጣል። አረንጓዴውና ቀዩ ግን የተቀራረበ ግራጫ ይሆናሉ። እንደ ጨርቁና እንደ ህትመቱ አንዳንዴ ለመለየትም ያስቸግራሉ። መሐላቸው የገባው ቢጫ ነው አጥርቶ የሚለያቸው። አረንጓዴ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ባነር አይታችሁ ፊደሉ የተንቀጠቀጠባችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቀለሞቹ እጅግ ይለያያሉ፣ ጥቁረታቸው ግን እኩል ነው። ስለዚህ ዓይን ፊደሉ የት ላይ እንደሚያልቅ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል።

ቀለሞች በተፈጥሯቸውም እኩል አይደሉም። ደማቅ ቢጫ ሁልጊዜ ፈካ ያለ ነው። ደማቅም ጠቆር ያለም ቢጫ የሚባል ነገር የለም። ቢጫን ካጠቆራችሁት ወደ ቡኒ ወይም ወደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴ ይሄዳል። ደማቅ ሰማያዊ ደግሞ ከመነሻው ጠቆር ያለ ነው። ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የስልክና የኮምፒውተር ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው። ሦስቱም ሙሉ በሙሉ ሲበሩ ነጭ ይሆናሉ። ከዚያ ነጭ ብሩህነት ውስጥ 72 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከአረንጓዴው ነው። ከቀዩ 21 በመቶ፣ ከሰማያዊው 7 በመቶ ገደማ ብቻ። ስክሪን ላይ ቢጫ የቀይና የአረንጓዴ ድምር ስለሆነ 93 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ሙሉው ቢጫ ከሙሉው ሰማያዊ ከ12 ጊዜ በላይ ያበራል። ሁለቱም «ደማቅ ቀለም» ተብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠራሉ። ሥዕል ላይ የሚሠሩት ሥራ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አንጎል ሥራውን እንዴት ይከፋፈላል?

በእያንዳንዱ ዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩት ሕዋሶች 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ቀለም የማይለዩት፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት ደግሞ 100 ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። ቁጥሩ ይገርማል። ግን ነገሩን ሁሉ አያስረዳም። በቀን ብርሃን የምናየው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ ነውና። ትልቁ ጉዳይ አንጎል ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነው።

አንጎል ከዓይን የመጣለትን መረጃ ይከፋፍለዋል። አንደኛው መስመር የሚከታተለው የብርሃንና የጥቁረት ልዩነትን ነው። ነገሩ የት ነው? ቅርብ ነው ሩቅ? ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል? ከጀርባው የሚለየው ድንበር የቱ ጋ ነው? እነዚህን የሚመልሰው እሱ ነው፤ ለቀለም ግን ዕውር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላኛው መስመር ነገሩ ምን እንደሆነ ይለያል፣ ቀለምም የሚያየው እሱ ነው። ቀለም የምናይበት መንገድ ደግሞ ለጥቃቅን ነገር ደካማ ነው። የቪዲዮና የፎቶ መሐንዲሶች ይህንን ድክመት ከያዙት ቆይተዋል። ስልካችሁ ቪዲዮ ሲያስቀምጥ የብርሃኑን መረጃ በሙሉ ይይዛል። የቀለሙን መረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሩብ ጥራት ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ቁጭ ብለን ፊልም ስናይ ማናችንም አናስተውለውም። የብርሃኑን መረጃ በዚያ ልክ ቢቀንሱብን ግን ወዲያው «ይሄ ነገር ደበዘዘ» እንል ነበር።

ይህን ክፍፍል በግልጽ የሚያሳይ አንድ ዝነኛ ሥዕል አለ። ክሎድ ሞኔ በ1872 የፈረንሳዩን የለ አቭር ወደብ በማለዳ ሳለው። ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የማርሞታን ሞኔ ሙዚየም ይታያል። ርዕሱ «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» ነው፤ በ1874 ለዕይታ ሲቀርብ ኢምፕሬሽኒስቶች የተባሉት ሠዓሊዎች ስም የወጣው ከዚህ ርዕስ ነው። ሰማያዊና ግራጫማ ጭጋግ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብርቱካናማ ፀሐይ አለች። ትኩር ብሎ ያያት ሰው የምትርገበገብ ይመስለዋል። የሃርቫርድ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዋ ማርጋሬት ሊቪንግስተን ምክንያቱን አስረድተዋል። የፀሐይዋ ብሩህነት በዙሪያዋ ካለው ደመና ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ብትቀይሩት ፀሐይዋ ከሞላ ጎደል ትጠፋለች። ቀለም የሚያየው መስመር «ፀሐይ አለች» ይላል። ቦታ የሚያየው መስመር ምንም አላገኘም። እሷም በሁለቱ መሐል እየተርገበገበች ትቀራለች።

እውነተኛዋ ፀሐይ ከሰማዩ እጅግ ታበራለች። ሞኔ እንደዚያ አድርጎ ነጣ ያለች ፀሐይ ቢስል ኖሮ አንድ ነጭ ነጥብ ይሆን ነበር፣ ያ መርገብገብ አይኖርም። ቫልዩን አውቆ የተወ ሠዓሊ የሚያገኘው ነገር ይህ ነው። ሳያውቅ የተወው ሰው ሥዕል ደግሞ ዝም ብሎ ይደበዝዛል።

አረንጓዴ አፍንጫ

በ1905 ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስ የሚስቱን የአሜሊን ፊት ሳለ። ከግንባሯ ጀምሮ በአፍንጫዋ ላይ እስከ አገጯ አንድ ወፍራም አረንጓዴ መስመር አወረደ። ከመስመሩ አንዱ ጎን ፊቷ ወደ ቢጫ ያደላል። ሌላው ጎን ሮዝማ ነው። ጸጉሯ ሰማያዊ ያለበት ጥቁር ነው። ሥዕሉ ዛሬ ኮፐንሀገን በሚገኘው የዴንማርክ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ በተደረገ ዓውደ ርዕይ ሌላ የእሷን ሥዕል አቅርቦ ነበር፤ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገችበትን። ሃያሲው ሉዊ ቮክሰል እነ ማቲስን የዱር አራዊት ብሎ የጠራቸው ያኔ ነው። ስሙም በዚያው ጸደቀባቸው።

አረንጓዴ አፍንጫ ያለው ሰው የለም። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ግን ፊት መሆኑን፣ ያውም የአንዲት ኮስተር ያለች ሴት ፊት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ለምን? አረንጓዴው መስመር የተቀመጠው ብርሃኑ ከፊቷ ላይ ወደ ጥላ በሚዞርበት ቦታ ነው። ጥቁረቱም እዚያ ቦታ ላይ የሚያስፈልገው ያህል ነው። ማቲስ የቀለሙን ዓይነት እንዳሻው ገለባበጠው፤ የትኛው ቦታ ከየትኛው ይጠቁራል የሚለውን ግን ጠበቀ።

ሙከራውን ገልብጣችሁ አስቡት። አንድ ሠዓሊ የቆዳውን ቡናማ ልክ እንደ እውነተኛው አድርጎ ቀመመ። ከአፍንጫ በታች ያለውን ጥላ ግን ከግንባሩ ጋር እኩል አፈካው። ቀለሙ ትክክል ነው። ፊቱ ግን ያበጠ ይመስላል ወይም እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ይሆናል። የት ጋ እንደተበላሸ ካልነገሩት ደግሞ ሲደክም የሚውለው ቡናማውን በማስተካከል ነው።

ቀለምን ጨርሶ የተወ ታላቅ ሥዕል ለሚፈልግ የፒካሶ ጌርኒካ አለ። በ1937 የተሳለ ነው። ቁመቱ ወደ 3.5 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 7.8 ሜትር ይደርሳል። ያ ሁሉ ሸራ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ተሞልቷል። ማድሪድ ሄዶ ከፊቱ የቆመ ሰው ቀለም አነሰው ሲል አይሰማም።

ነጭ ነጠላ በጠራራ ፀሐይ

እስካሁን ያልኩት ቀላል ይመስላል። ጠቆር ያለውን ጠቆር፣ ፈካ ያለውን ፈካ አድርጎ መሳል ነው። የሚከብደው ጥቁረትን በትክክል ማየቱ ነው። ዓይናችን እየዋሸን አይደለም፣ ሊረዳን እየሞከረ ነው። እርዳታው ግን ለሠዓሊ አይመችም።

ነጠላ የለበሰች ሴት በእኩለ ቀን ፀሐይ ቆማ እናስብ። ጀማሪው ሠዓሊ ነጠላው ነጭ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ፀሐይ የነካውንም፣ ጥላ ውስጥ ያለውንም እጥፋት ነጭ ይቀባል። ሥዕሉ ላይ ፀሐይ የለችም። የት ሄደች?

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በጠራ ቀን ቀጥታ የሚወርድ የፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው። ከቤት ውጭ ያለ ጥላ ደግሞ 10,000 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጨርቅ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል እንበል። ግራጫ ድንጋይ 20 በመቶውን ይመልስ። ፀሐይ ላይ ያለው ነጠላ 80,000 ይመልሳል። ፀሐይ ላይ ያለው ድንጋይ 20,000። ጥላ ውስጥ ያለው የነጠላ እጥፋት ግን 8,000 ብቻ ነው። ግራጫው ድንጋይ ከነጩ ነጠላ እጥፍ በላይ ያበራል ማለት ነው! ለካሜራው ይህ ግልጽ ነው። ለእኛ ግን አይታየንም። አንጎላችን ጥላውን ቀንሶ «ነጠላው ነጭ ነው» ብሎ ይነግረናል። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስንመርጥ በጣም ይጠቅመናል። ስንስል ግን ያሳስተናል።

ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤድዋርድ አደልሰን በ1995 ይህንን የሚያሳይ ምስል ሠርተው ነበር። የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ነገር ላይ የአንድ ሲሊንደር ጥላ ወድቋል። ከጥላው ውጭ አንድ ጥቁር ካሬ አለ። ጥላው ውስጥ አንድ ነጭ ካሬ አለ። ሁለቱ ግራጫዎች ፍጹም አንድ ናቸው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንኳን ደግሞ ሲያየው ልዩ ልዩ ሆነው ነው የሚታዩት። ዙሪያቸውን በወረቀት ስትሸፍኑት ብቻ እኩል ይሆናሉ። ሠዓሊ የሚለማመደው ያንን ሽፋን በወረቀት ሳይሆን በራሱ ዓይን ማድረግን ነው።

ሌላም ችግር አለ። ነጩ ቀለማችን ከጥቁሩ ቀለማችን የሚያበራው ቢበዛ ሠላሳ ጊዜ ገደማ ነው። ፀሐያማ ግቢ ውስጥ ግን ከብሩሁ ቦታ እስከ ጨለማው ጥግ ያለው ልዩነት በሺህ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የምናየውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የሚቻለው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ከሁሉ የሚፈካው የቱ ነው? ቀጥሎስ? ከሁሉ የሚጠቁረውስ? ሠዓሊው መወሰን አለበት። ንጹሑን ነጭ ለነጠላው አንድ ጫፍ ብቻ ካስቀመጠው ሌላው ሁሉ አንድ ደረጃ ወርዶ ይሳላል። ያኔ ፀሐይዋ ትመለሳለች።

ካራቫጆ ሮም ውስጥ ከ1599 እስከ 1600 የሳለውን የማቴዎስን መጠራት ያየ ይህን በሰፊው ያገኘዋል። አብዛኛውን ሸራ ለጨለማ ሰጥቶታል። በቀኝ በኩል የሚገባው ብርሃን ጥቂት ፊቶችንና እጆችን ብቻ ይነካል። ያ ብርሃን ኃይል ያገኘው ሠዓሊው ሌላ ቦታ ላይ ብርሃን ስለነፈገ ነው።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልስ?

እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ይነሳል። የአገራችን ባህላዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ብርሃን የለውም፣ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለውም። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተዘርግተው ተቀብተዋል። ታዲያ ያለ ቫልዩ ቆሟል ማለት ነው?

በፍጹም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። የመላእክቱ ፊቶች ተደርድረዋል። መጀመሪያ የሚያገኛችሁ ዓይናቸው ነው። ነጭ ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ብሌን። ቀጥሎ ጥቁሩ ጸጉር በፈካው ፊት ዙሪያ። ከዚያ ፊቱን፣ እጁን፣ የልብሱን እጥፋት የሚያወጣው ጠቆር ያለ መስመር። ቤተ መቅደስ ውስጥ ብርሃኑ ጥቂት ነው። በጥቂት ብርሃን ደግሞ ቀለም ቀድሞ ይደክማል፣ የነጭና የጥቁር ልዩነት ግን ይጸናል። እነዚያ ሠዓሊዎች መስመራቸውን ያን ያህል ያጠቆሩት፣ ዓይኑን ያን ያህል ያነጡት በሥዕላቸው ላይ ትልቅ ሥልጣን ያለው ነገር እሱ ስለሆነ ነው። ቫልዩ ጥላ መጣል ብቻ አይደለም። ፈካ ያለውን ከጠቆረው ጎን ማስቀመጥም ቫልዩ ነው።

የመጽሐፍ ሥዕልና ፖስተር የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ብዙ መውሰድ ይችላሉ። የልጆች መጽሐፍ ሽፋን ዛሬ መጀመሪያ የሚታየው በስልክ ነው፣ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን። በዚያ መጠን ቀለም ተቀላቅሎ ይጠፋል። የሚተርፈው ጥቁርና ነጩ የሠራው ቅርጽ ነው። ድረ ገጾችን ለሁሉም ተደራሽ ለማድረግ በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ልዩነት እንዲኖረው ይጠየቃል። ስለ ቀለም ዓይነት አይጠይቅም። ከአውሮፓውያን ዝርያ ከሆኑ ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራል። ከቀይና ከአረንጓዴ ውጭ የሚለያቸው ነገር የሌለው ሥዕል ለእነዚህ ሰዎች ጠፍ ነው።

እንዴት እንለማመድ?

መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ማየት ልመዱ። ሽፋሽፍታችሁ ሊገጥም ሲል ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ቀለሙም ይደክማል። የሚቀሩት ትላልቆቹ የፈኩና የጠቆሩ ቦታዎች ናቸው። ሥዕል የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይህን የሚለው ነገሩ ስለሚሠራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። በጣም ደማቅ የሆነ ቀይ ወይም ሐምራዊ በዚህም አያያዝ ከሆነው በላይ ብሩህ መስሎ ያታልላል። አበባና ቀሚስ ላይ ደጋግሞ ያጋጥማል።

ከዚያ ትናንሽ ንድፎች ሥሩ። የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ይሁኑ። በሦስት ጥቁረት ብቻ፤ ፈካ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ። ሦስት ብቻ ነው የተፈቀደው። ከሰል ካለ ከሰል፣ ከሌለ እርሳስ ይበቃል። አንድን ትዕይንት በሦስት ለመክፈል ስትገደዱ ትወስናላችሁ። የዛፉ ጥላና ግድግዳው አንድ ቡድን ይሁኑ ወይስ ይለያዩ? ፊቱ ከሰማዩ ጋር ይሂድ ወይስ ከዛፉ? ሸራው ላይ ቀለም ከማረፉ በፊት ሥዕሉ የሚቆም ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው። ለእኔ ከልምምዶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን ብቻ ብትይዙ አይከፋኝም።

ለልምምድ ጀበናና ሲኒ ከአንድ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። ሌላ መብራት አጥፉ። ጥቁሩ ጀበና ላይ ሆዱ አካባቢ አንድ የሚያንጸባርቅ ቦታ ታገኛላችሁ። የነጩን ሲኒ ጥላ ያለበት ጎን ከእሱ ጋር አስተያዩ። የትኛው ይነጣል? በቃል የምንመልሰው መልስና ጨፈን አድርገን የምናገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

በስልክ ወይም በታብሌት የምትሠሩ ከሆነ ሥዕሉን አልፎ አልፎ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ ተመልከቱ። ግን የምትቀይሩበት መንገድ ወሳኝ ነው። ፎቶሾፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ዝም ብሎ ድምቀቱን የሚያጠፋው ትእዛዝ ሙሉውን ቢጫና ሙሉውን ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ቢጫው ከሰማያዊው ከ12 ጊዜ በላይ እንደሚያበራ ከላይ አይተናል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚፈትሽ ሰው በውሸት መስታወት ያያል። የተሻለው ከሁሉ በላይ አንድ ሌየር (ከሥዕሉ ላይ የሚነጠፍ ንብርብር) ከፍቶ በጥቁር መሙላትና ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን አሠራር «ከለር» (Color) ላይ ማድረግ ነው። ፕሮክሬት በተባለው የታብሌት መሳያ መተግበሪያ ላይም ይሠራል። ሌየሩን ስታበሩ ቫልዩውን፣ ስታጠፉ ቀለሙን ታያላችሁ።

ሲመሽ ስለ ሥዕላችሁ አትፍረዱ። የቼኩ ሐኪም ያን ፑርኪንየ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋለው ነገር አለ። ቀን ላይ ከቅጠሉ ይልቅ ደምቆ የሚታየው ቀይ አበባ ማታ ላይ ይጠቁራል፣ ቅጠሉ ይፈካል። ዓይን ወደ ሌሊቱ ሕዋሶች ሲሸጋገር ቀይ ይጨልምበታል። በምሽት የተስተካከለ ቀይ ጠዋት ላይ እንግዳ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ የእኛን ፊት ስለ መሳል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ቡናማ ቀምሞ ለብርሃኑ ነጭ፣ ለጥላው ጥቁር መጨመር ነው። በነጭ የፈካው ቡናማ አመድማ ይሆናል። በጥቁር የጠቆረው ይሞታል። ጥቁረቱን በሌላ መንገድ ማምጣት ይቻላል። ለሚፈካው ቦታ በተፈጥሮው ፈካ ያለ ቀለም ውሰዱ፤ የቢጫ አፈር ቀለም፣ ብርቱካናማ። ለሚጠቁረው በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ጥልቅ ቀይ። ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ሰማዩን ስለሚመልስ ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል፣ ከምንጠብቀውም በላይ ይነጣል። ነጭ ነጠላ ከፊቱ አጠገብ ካለ ደግሞ ፊቱ ከሆነው በላይ ጠቁሮ ይታያችኋል። በዚያ ተገፍቶ ያጠቆረ ሰው በኋላ ለጥላው ቦታ አይተርፈውም። አፍንጫውና አገጩ አንድ ጥቁር ቦታ ሆነው ይዋሃዱበታል። ስለዚህ መጀመሪያ የፊቱን መካከለኛ ጥቁረት ከጀርባው ግድግዳ ጋር አስተያይታችሁ ያዙ። ቀጥሎ ጥላውን፣ ቀጥሎ የሚያንጸባርቀውን። ነጠላው መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ንጹሕ ነጭም ፀሐይ በነካው ጠርዙ ላይ ብቻ ይቀመጥ።